ቤት ለቤት ቅስቀሳ አበቃለት? ምነው ሸዋ!

የቀበና ልጅ፦ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንድ የሕዝብ ግንኙነት አማካሪ ነኝ ባይ አበሸቀኝ። የቤት ለቤት ቅስቀሳ ጊዜው አልፎበታል፣ አሁን ቲክቶክና ፌስቡክ የያዘ ያሸንፋል ይላል። ይሄ ሰውዬ በ97ቱ ምርጫ የት ነበር?

ሞገድ፦ 97ን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። ተቃዋሚውን ቅንጅትን ለሕዝብ ያስተዋወቀው የቴሌቪዥን ክርክሩ ነው። ሌላው የቡና ወሬ ነው።

የቀበና ልጅ፦ «የቡና ወሬ»! ክርክሩን እኮ ሰፈርተኛው አንድ ቤት ተሰብስቦ ነው ያየው። ማን ማንን እንደረታ የተፈረደው በማግስቱ ነው። ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት።

ጡረተኛው ካድሬ፦ ቤት ለቤት ሥራን ያኔ ገዢ ለነበረው ለኢሕአዴግ ማንም አያስተምረውም ነበር። በ97 ሚያዝያ 29 መስቀል አደባባይን የሞላው ማን ሆነና?

ሸዋዬ፦ ጋሼ፣ የኢሕአዴግን ቲሸርት ተቀብሎ በማግስቱ ቅንጅት ሰልፍ የወጣውንም ቆጥረውት ይሆናል። የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር አንድ ሳይቀር ማን ወሰደው?

ጡረተኛው ካድሬ፦ አዲስ አበባ ብቻዋን ኢትዮጵያ አይደለችም። ደግሞም ተምረንበታል። በ2002 ከአጋሮቻችን ጋር ከ547ቱ 545 ወሰድን።

ሸዋዬ፦ አንዱ አምስቱን በሚከታተልበት በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ነዋ! ተከታታዩ ጠርናፊ በር ላይ ቆሞ የምርጫ ካርድ አወጣህ ወይ ሲል ቅስቀሳ ነው ወይስ ቁጥጥር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በፈረንጆቹ 2008 እዚህ አሜሪካ ለኦባማ ስንቀሰቅስ ከድረ ገጹ አድራሻ እያወጣን ቨርጂኒያ ውስጥ በር እናንኳኳ ነበር። ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራት መርጣ አታውቅም ነበር። ኢንተርኔቱ ሰው ያገናኛል። በሩን የሚያንኳኳው ግን ሰው ነው።

ሞገድ፦ ዲያስፖራ ደረሰልን! ቀበና ላይ ውሻ አለ ወንድሜ፣ በር አይንኳኳም።

የቀበና ልጅ፦ በውሻ አትሸሽ። የቡና ወሬ ከንቱ ከሆነ፣ ከ97 ምርጫ በኋላ ኤስኤምኤስ ከሁለት ዓመት በላይ ለምን ተዘጋ? መንግሥት የፈራው ሰው ለሰው የሚባባለውን ነው።

ሞገድ፦ ኤስኤምኤስ በጀበና ነው እንዴ የሚላከው? ስክሪን ላይ አይደል የሚነበበው? ለእኔ መሰከርክልኝ።

የቀበና ልጅ፦ ላኪው ማን ነው? የምታውቀው ሰው! ያ አማካሪ የሚሸጠው ግን የማታውቀው ሰው ማስታወቂያ ነው። ይሄ ነው ልዩነቱ።

ሞገድ፦ እሺ፣ የዛሬ ወጣት የማንን ቡና ነው የሚጠጣው? አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ አይደል የሚውለው።

ሸዋዬ፦ ጋሼ ካድሬ፣ የጠርናፊውን ነገር አልመለሱልኝም።

ጡረተኛው ካድሬ፦ በብዕር ስም ተደብቆ ለሚጠይቅ መልስ የለኝም።

ሸዋዬ፦ «ጡረተኛው ካድሬ» የክርስትና ስምዎ ነው?