«ሁለት ኢንች የአስፋልት ልጅ ነው» ያልከው ሰውዬ፣ ና እዚህ

ባሌስትራ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ «ሃይሉክስ ፒክአፕ ሞላና ባሌስትራው ተቀይሮ ከ4 ኢንች በታች ከተነሳ ብር ማባከን ነው፣ ሁለት ኢንች የአስፋልት ልጅ ነው» ብሎ ጽፎ ላይክ ሲለቅም አደረ። እኔ ሁለት ኢንች ነው ያነሳሁት። ክረምቱን ሙሉ ጋምቤላ ጥቁር አፈር ውስጥ ሠርቼበታለሁ። አስፋልቱን ያሳየኝ።

ከፍታ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። ሆዱ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ መኪና ይዞ ገጠር ምን ይሠራል?

የጋራዡ ልጅ፦ ሆዱ የምትለው የቱን ነው? ሃይሉክስ ኋላው ባሌስትራ (የተደራረበ ብረት) ነው፣ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው አክስል አንድ ወጥ ነው። ባሌስትራ ስትቀይር የሚነሳው ሻንሲውና ካቢናው ነው። የኋላ ዲፈረንሻሉ፣ አክስሉ መሃል ያለው እብጠት፣ እዚያው ቁጭ ብሏል። 10 ኢንች ብታነሳውም ድንጋዩ ያገኘዋል። እሱን የሚያነሳልህ ጎማ ብቻ ነው። በ17 ቸርኬ ከ265/65 ጎማ ወደ 265/70 ብትሄድ ደግሞ የምታተርፈው 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ከፍታ፦ 13 ሚሊ 😂 ባለ 33 ኢንች ጎማ አስገባለኋ! እሱ ደግሞ ያለ 4 ኢንች አይገባም።

የጋራዡ ልጅ፦ ይገባል። ሁለት ተኩል፣ ሦስት ኢንች አንስተህ ጭቃ መከላከያውን ትንሽ ታስቆርጣለህ። ፊቱስ? ቪጎም ሬቮም፣ ሁለቱም የሃይሉክስ ሞዴሎች፣ የፊት እግራቸው ለየብቻ ነው። ከ2 ኢንች ስታልፍ የፊት አክስሎቹ በጣም ይጣመማሉ። የአክስሉ ላስቲክ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይፈሳል፣ አላይመንት እምቢ ይላል። ከዚያ የላይኛውን አርም ቀይር፣ የፊት ዲፈረንሻሉን ዝቅ አድርግ ይሉሃል። ዝቅ ካደረግከው ምኑን አነሳኸው?

ጋሽ 79፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ሃይሉክስ ስለያዛችሁ ነው። ላንድክሩዘር 79 ፊቱም አንድ ወጥ አክስል ነው። ሞላ ቀይር፣ ካስተሩን (የፊት እግሩን ዘንበል) አስተካክል፣ ሂድ።

ባሌስትራ፦ ጋሼ፣ ልዩነቱን እርስዎ ይከፍሉልናል?

ጋሽ 79፦ እኔ ስገዛ ማን ከፈለልኝ?

ሸዋዬ፦ እናንተ በኢንች ተጣሉ። ጣርማ በር ላይ በጉም ውስጥ የተነሳ ፒክአፕ ሲመጣብኝ ዓይኔ ነው የሚጠፋው። ፊቱ ሲነሳ መብራቱም አብሮ ይነሳል። ሞላ ለመቀየር ብር አለ፣ የመብራቷን ብሎን ለማዞር ግን የለም።

ከፍታ፦ ጣርማ በር አስፋልት ነው እህቴ። የአስፋልት ልጅ ያልኩት እኮ ይሄንን ነው።

ሸዋዬ፦ ታዲያ አንተ ጂንካ የምትደርሰው በአየር ነው? አስፋልቱን ሳትረግጥ ጭቃው ጋ አትደርስም። ከፍ ያለ መኪና የሚገለበጠው ደግሞ በ100 ሲታጠፍ ነው እንጂ ጭቃ ላይ በ20 ሲዳክር አይደለም።

አሌክስ ቨርጂኒያ፦ እዚህ ፊቱን ብቻ ሰቅለው ኋላውን የሚያስቀምጡ ነበሩ። በ2022 ሕግ ወጣባቸው። የፊት መከላከያው ከኋላው 4 ኢንችና ከዚያ በላይ ከበለጠ ክልክል ነው። አገር ቤትም ቦሎ ሲታደስ ቁመቱ ይለካ።

ከፍታ፦ ቨርጂኒያማ አስፋልት በአስፋልት ናት። «ይለካ» ስትል ለማን ሥራ እንደምትፈጥር ታውቃለህ? ሜትሩን የሚይዘው አንተ አይደለህ!

አሌክስ ቨርጂኒያ፦ ስለዚህ ሰው ይሙት?

ባሌስትራ፦ ኧረ ተው፣ ወደ ፖለቲካ አትውሰዱት። አውስትራሊያም፣ እንደ እኛው ፒስታ የሞላባት አገር፣ በብዙ ግዛቶቿ ሰስፔንሽኑ ከ50 ሚሊ በላይ ሲነሳ የኢንጂነር ፊርማ ትጠይቃለች። 50 ሚሊ ስንት ኢንች ነው ጌታዬ? ሁለት። እነሱም የአስፋልት ልጆች ናቸው?

ከፍታ፦ እነሱ በቆሎ አይጭኑም።

የጋራዡ ልጅ፦ በራስህ አፍ አመጣኸው። ባዶውን 4 ኢንች አንስተህ 10 ኩንታል ጫንበትና ስንት እንደሚቀርህ ለካው። እንዳይተኛ ጠንካራ ባሌስትራ ካስገባህ ደግሞ ባዶውን ስትመለስ ወገብህ ይጠይቅሃል።

ጋሽ 79፦ 79 ግን...

ሸዋዬ፦ ጋሼ በፈጠረዎት!

ከፍታ፦ ጨረሳችሁ? ቅዳሜ 4 ኢንቹን አስገባለሁ። ፎቶውን እለጥፋለሁ፣ ቅናታችሁን እዚያ ታወጣላችሁ።

ኪያ፦ ወንድም፣ የሚወጣውን ሞላ ካልፈለግከው እኔ እወስደዋለሁ። በውስጥ አውራኝ።

የጋራዡ ልጅ፦ አትሽጠው፣ ትፈልገዋለህ።