በራሳችን ገንዘብ ባነጠፍነው መንገድ ላይ ሌላ ሰው መኪና ሊያቆም ይችላል?

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደብረ ማርቆስ)፦ የመኖሪያ ቤት ማኅበራችን አባላት አዋጥተን ከዋናው አስፋልት እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ ድንጋይ አንጥፈናል። ከተማው መንገዱን እስካሁን አልተረከበንም፤ ጥገናውም መብራቱም ከእኛ ኪስ ነው። በገበያ ቀን ግን እህል የጫነ አይሱዙ በራችን ላይ ቆሞ ይውላል። መግቢያው ላይ ሰንሰለት ይዘርጋ፣ ያለ ፈቃድ የቆመ መኪናም ጎማው ይታሰር የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ እደግፈዋለሁ።

ነጋዴ፦ እኔም እደግፋለሁ። ያላዋጣ ሰው በነጻ የሚጠቀምበት ምክንያት አይታየኝም።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ መንገዱ መጨረሻ ላይ ካለው ግቢ ተከራይ ነኝ። ለድንጋዩ የከፈሉት አከራዬ ናቸው። ሰንሰለቱ ሲዘረጋ እኔ ከየትኛው ወገን ልቆጠር ነው? ባጃጄን አስፋልት ዳር አሳድሬ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ የልጆቼ እንጀራ እሷ ናት።

ጡረታ የወጡ መምህር፦ ልጄ ጸሐፊው፣ ለዚህ ሰፈር የደከምከውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ያዋጣ ሁሉ ባለቤት አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእኛ ይዞታ ካርታችን ላይ እስከተሰመረው ድረስ ብቻ ነው። የእኔ ካርታ አጥሬ ላይ ያበቃል። የእናንተስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ መንገድና ጎዳናን ከሕዝብ ንብረት ይመድባል። ከተማው ጥገና ስላልጀመረ ብቻ መንገዱ የእኛ ርስት ሊሆን አይችልም።

መንገዱ ውስጥ አንድ ሕፃን ቢገጭ ደግሞ ድንጋዩን ማን እንዳነጠፈው የሚጠይቅ ዳኛ የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ካሣ ይከፍላል። በቸልተኝነት ሰው የገደለም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይጠየቃል፣ መንገዱ የማንም ይሁን።

ነጋዴ፦ እሺ ጋሼ፣ በሬን ዘግቶብኝ የሚውለውን ሰው ታዲያ ምን ላድርገው?

ጡረታ የወጡ መምህር፦ መጀመሪያ ለትራፊክ ፖሊስ አመልክት። ካልሆነም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብለህ ክሰስ፤ የጊዜ ገደቡ ሁለት ዓመት ነው። ጎማውን ካሰርክበት ግን እሱ በዚያው ቁጥር አንተን ሊከስህ ይችላል።

በእንግሊዝ አገር የሚኖር የሰፈሩ ልጅ፦ የአካባቢው አስተዳደር ያልተረከባቸው፣ ነዋሪው በራሱ ወጪ የሚጠግናቸው መንገዶች እዚህም አሉ። በእ.ኤ.አ. የ1988ቱ የትራፊክ ሕጋቸው ሕዝብ የሚገባበት መንገድ ሁሉ ሕጉ የሚመለከተው መንገድ ነው፤ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና በእነዚህ መንገዶችም መነዳት አይችልም። ጎማ ማሰርን በተመለከተ፣ የግል ድርጅቶች እያሰሩ ገንዘብ ሲሰበስቡ ሕዝቡ ተማሮ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ በግል መሬት ላይ ተከለከለ። መሬት በግል በሚያዝበት አገር እንኳ ያልተፈቀደውን እኛ ልንጀምረው ነው?

ነርስ፦ ስለ ባለቤትነት ብዙ ተባለ። ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛት ጎረቤታችንን ሊወስድ የመጣው አምቡላንስ የቆመ አይሱዙ አላሳልፍ ብሎት፣ በዝናብ በቃሬዛ ተሸክመናት አስፋልት ድረስ ወጣን። ያን ሌሊት አልረሳውም። ሰንሰለት ቢኖር ደግሞ ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪነቃ እንጠብቅ ነበር። ጎረቤትም ሆነ እንግዳ፣ መኪና የሚቆመው በአንድ ወገን ብቻ ይሁን፤ ሌላው ወገን ሌትና ቀን ክፍት ይሁን። የዕድሩ ድንኳን ሲተከልም እንዲሁ። ጭነት መኪና አራግፎ ይውጣ፣ አይዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ በነርሷ ሐሳብ እስማማለሁ። የሰንሰለቱ ነገር ግን አልተዘጋም። የሕዝብ ከሆነ የሕዝብ በጀት ለምን አይጠግነውም? ጋሼ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የተነሣውን ድንጋይ መልሰን የምናነጥፈው እኮ እኛው ነን! ለስብሰባው ሳይት ፕላኑን አመጣለሁ። መንገዱ በፕላኑ ላይ የሕዝብ ተብሎ ከተሰመረ ርክክቡንና ማቆም የሚከለክል ምልክቱን ከከተማው በደብዳቤ እንጠይቃለን። በማኅበሩ ይዞታ ውስጥ ከሆነ ግን ሰንሰለቱ ድምፅ ይሰጥበት።

የባጃጅ አሽከርካሪ፦ ያኔም ቢሆን ተከራይ የመግባትና የመውጣት መብቱ እንደማይነካ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ። ሕጉ መውጫ ለሌለው መሬት እንኳ በጎረቤት ይዞታ መተላለፊያ ይፈቅዳል።