አንድ ሰው፣ ሃያ አካውንት፦ የተጠረጠረ ድምፅ ይሰረዝ ወይስ ይቆጠር?

ጠርጣራው፦
ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። አንድ የኦንላይን ማኅበረሰብ አዲስ አድሚን ሊመርጥ ነው እንበል። ሁለት ዕጩዎች አሉ። እስከ መጨረሻው ምሽት አንደኛው በሰፊው ይመራል። ከዚያ ፖሉ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ፎቶ የሌላቸው፣ አንድም ቀን ኮሜንት ጽፈው የማያውቁ፣ ስማቸው በቁጥር የሚያልቅ ሃያ ምናምን አካውንቶች ተግተልትለው ይመጡና ሁሉም ለሁለተኛው ይሰጣሉ። ሁለተኛው አሸነፈ። ሲጠየቅ "ጓደኞቼ ናቸው፣ ኑ ድምፅ ስጡኝ ብያቸው ነው" አለ። ምን ይደረግ?

የእኔ አቋም አጭር ነው። ድምፁ ይሰረዝ፣ ሰውየውም ይታገድ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ማስረጃ አምጣ የምትሉኝ ሰዎች ደግሞ አስቡት፤ አጭበርባሪው ገና ሲነሳ ማስረጃ ላለመተው ተጠንቅቆ ነው የገባው። እኛ ማስረጃ ስንፈልግ እሱ አድሚን ሆኖ እኛኑ ያባርረናል።

ፊት ለፊት፦
ወንድሜ፣ ይህ ሕግ ነገ አንተው ላይ ቢዞር ትወደዋለህ? ፎቶ የሌለው ሁሉ ፌክ ነው ያለህ ማነው? እኔም ፎቶ የለኝም። ኮሜንትም አልጽፍም ነበር፤ ዛሬ አናደድከኝና ጻፍኩ። የትም ብትሄድ አብዛኛው ሰው አንብቦ የሚያልፍ ነው፣ የሚጽፈው ጥቂት ነው። ለዚያ ለዝምተኛው ሰው ድምፅ መስጠት ብቸኛ መናገሪያው ነው። አንድ ቀን ቢናገርበት "ከየት መጣህ" ልትለው ነው?

ጓደኛ መጥራትም ወንጀል አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ።

ጠርጣራው፦
ድር ቢያብር እሺ። አንዱ ድር ራሱን ሃያ ቦታ ቆራርጦ "አበርን" ሲል ግን ማበር አይባልም።

ቁጥር ወዳድ፦
ከመጣላታችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሁላችሁም የምታወሩት መጨረሻ ላይ ስለመጣው መንጋ ነው። ዋናው ጉዳት ግን መጀመሪያ ላይ ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በአንድ የዜና ማጋሪያ ድረ ገጽ ከ100 ሺህ በላይ ኮሜንቶችን ተከታተሉ። ኮሜንቱ ገና ሲለጠፍ፣ በዕጣ፣ ለአንዳንዱ አንድ የውሸት ላይክ፣ ለአንዳንዱ አንድ የውሸት ዲስላይክ ሰጡ፤ የቀረውን አልነኩትም። ላይኩን ያገኘው ኮሜንት ቀጥሎ የመጣው አንባቢም ላይክ የማድረጉ ዕድል በ32 በመቶ ጨመረ። የመጨረሻ ነጥቡም በአማካይ 25 በመቶ ከፍ አለ። ልብ በሉ፣ አንዲት ላይክ ናት! ዲስላይኩ ግን እንዲህ አልዘለቀም፤ ሌሎች አንባቢዎች መጥተው አካካሱት። ሰው ያለአግባብ ሲዋረድ እንነቃለን፣ ያለአግባብ ሲሞገስ ግን አብረን እናጨበጭባለን ማለት ነው።

ስለዚህ በመጨረሻው ደቂቃ ሃያ አካውንት የሚያግተለትል ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጀማሪ ነው። ነቄው መጀመሪያ ላይ ሁለት ያስገባል፤ የቀረውን እኛው እንሠራለታለን። ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የሆነው እኮ ይኸው ነው። ስለ እንስሳት በሚሰጠው ማብራሪያ እጅግ የሚወደድ አንድ የባዮሎጂ ሰው ነበር። በጥቂት ተጨማሪ አካውንቶች፣ ልጥፉ ገና ትኩስ ሳለ፣ ለራሱ ላይክ ለተከራካሪዎቹ ዲስላይክ ሲሰጥ ተደርሶበት ታገደ። ሰውየው እኮ እውቀት አልጎደለውም፤ ሳያጭበረብርም ላይኩ አይቀርበትም ነበር።

ዝምተኛዋ፦
አንድ ነገር አትቀላቅሉብኝ። ሁለት አካውንት መያዝ በራሱ ጥፋት አይደለም። ስለ ሕመሜ የምጠይቅበት አካውንት፣ የሥራ ባልደረቦቼ ከሚያውቁት አካውንት ይለያል፤ ይለይልኝም። ዊኪፔዲያ እንኳ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ተጨማሪ አካውንት ይፈቅዳል። የከለከለው በሁለቱም ገብቶ ሁለት ሰው መምሰልን ነው። "ሁለት አካውንት ያለው ይውጣ" የሚል ሕግ ብታወጡ መጀመሪያ የምትጠፋው እኔ ነኝ፤ አጭበርባሪው በሦስተኛው ይመለሳል።

የሌሊት ተረኛ፦
ለዓመታት አድሚን ነበርኩ፤ ስለዚህ ከጀርባ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይታይም። የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን የማንንም አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻ፣ አያይም። ፖሉ ስም የማያሳይ ከሆነ ማን ለማን እንደሰጠም አያይም። "አድሚኖቹ ያውቃሉ ዝም ብለው ነው" የምትሉት ነገር ያስቀኛል።

የራሱ ሰርቨር ያለው ማኅበረሰብ አይፒ ሊያይ ይችላል። እሱም ቢሆን ወዲያው "ያዝኩት" አያስብልም። የሞባይል ኔትወርኮች አንድ የውጭ አይፒ ለብዙ ደንበኛ ያጋራሉ፤ ጭራሽ የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ አድራሻ ይታያሉ። ዩኒቨርሲቲና ቢሮም እንዲሁ። በተቃራኒው አንዱ ሰው አድራሻ የሚደብቀውን ቪፒኤን ከፍቶ በየደቂቃው አገር ይቀይራል። ንጹሑ ይያዛል፣ አጭበርባሪው ያልፋል።

እኛ ጋ ሁለት አካውንቶች ነበሩ። አድራሻቸው አንድ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚገቡ፣ ድምፃቸው አንድ ዓይነት። ሰው ሁሉ "አንድ ሰው ናቸው፣ አግዱ" ብሎ ጮኸ። እኅትማማቾች ነበሩ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ዋይፋይ። አንድ ቀን በአንድ ልጥፍ ሥር ክፉኛ ተጣሉ። አንዱ ጠርጣራ ወዲያው ምን ቢል ጥሩ ነው? "አዩ፣ እንዳይነቃበት ራሱን በራሱ እየሰደበ ነው!" ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መውጫ የለውም።

እና ምን አይ ነበር? አመል ነው የማየው። ያ አካውንት ሌላ ምን ላይ ድምፅ ሰጠ? የእውነት ጓደኛህ ቢመጣ፣ ለአንተ ድምፅ ሰጥቶ ሲያበቃ ዞር ዞር ይላል፣ ሌላ ልጥፍ ይነካል፣ ቢያንስ "ይሄ ምንድነው?" ይላል። ፌኩ የሚነሳው አንድ ሰው ሲነካ ብቻ ነው። ከጻፈ ደግሞ አጻጻፉ ያጋልጠዋል። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለቴ ሁለት ነጥብ የሚደረድር ሰው በሁሉም አካውንቱ ይደረድራል። ከሥርዓተ ነጥቡ በፊት ክፍተት የሚተው በሁሉም ይተዋል። ስሙን ይቀይራል፣ ጣቱን አይቀይርም።

ይህ ሁሉ ተደምሮም ግምት ነው። ለዚህ ነው ድምፁና ሰውየው ይለዩ የምለው። ድምፅ በጥርጣሬ ይሰረዝ፣ ሰው በጥርጣሬ አይታገድ። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ይህን ካደረገ ቆይቷል። በየቀኑ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው በተከታታይ ያዘነበውን ድምፅ ሲያገኝ መልሶ ያነሳዋል፤ ነጥቡ ይቀነሳል፣ አለቀ። ማንም አደባባይ ላይ ሌባ አይባልም።

ጠርጣራው፦
አለቀ? ሰውየው ምን አጣ ታዲያ? ሞከረ፣ አልሆነም፣ ነገ ይሞክራል። የተያዘ ሌባ ዕቃውን መልሶ ደህና እደር ይባላል? ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል እኮ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ከደገመ አግደው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ብዙ ነገር ትሰበስባለህ። ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2015 በክፍያ የሚጽፉ 381 አካውንቶችን በአንድ ጊዜ የዘጋው አንድ ምሽት ተነስቶ ጠርጥሮ አይደለም፤ ሰዎች ተቀምጠው ልጥፍ ከልጥፍ አስተያይተው ነው። እዚያ አይፒ የማየት ሥልጣን የተሰጣቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ መረጃውም ከ90 ቀን በኋላ ይሰረዛል። ማየት የሚችለው ሰው ራሱ መታየት አለበት። አንተ የምትለው ግን ማንም ባለ ስክሪንሾት ዳኛ ይሁን ነው።

ገለልተኛ፦
ለምን ታካብዳላችሁ? ድምፁ በግልጽ ይሁን። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ማን ለማን እንደሰጠ የሚያሳይ ፖል አለው። ይከፈት፣ ሁሉም ይይ፣ ፌኩ ፌክ መሆኑ በዓይን ይታያል። ካልሆነ ደግሞ በእውነተኛ ስም ብቻ ይሁን።

ዝምተኛዋ፦
ግልጽ ይሁን ስትል ግሩፑን በእጁ የያዘውን አድሚን የሚቃወም ማን ሊቀር ነው? ስሜ ከሥሩ ተለጥፎ? አንድ ጊዜ በግልጽ "አልደግፍም" ያልኩ ጊዜ ለሳምንታት የጻፍኩት ሁሉ ሲነቀፍ ነበር። ፌኩን ለመያዝ ብላችሁ እውነተኛውን ዝም ልታሰኙት ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
እውነተኛ ስምም አያድንም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ኢንተርኔት ሕግ የሕዝብ አስተያየት ጠየቀ። 22 ሚሊዮን ያህል መጣ። የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አጣርቶ በ2021 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው 18 ሚሊዮን የሚጠጋው የሐሰት ነበር። 7.7 ሚሊዮኑን የላከው አንድ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ስሞቹን የፈጠራቸው እሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያዎች ገንዘብ በተካሄደው ዘመቻ የእውነተኛ ሰዎች ስም ሳያውቁት ገብቷል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር። ስም እንደ አካውንት ሁሉ ይፈበረካል፣ ይሰረቃልም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የጨረሱት። ማንነትን የሚያረጋግጥ አንድ የታመነ አካል መሃል ላይ ከሌለ፣ አንዱ ሰው ብዙ ሆኖ መምጣቱን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም። የሚቀረው ማስወደድ ነው፤ ብዙ መሆን ብዙ ድካም እንዲጠይቅ ማድረግ።

ፊት ለፊት፦
እሺ፣ እኔ ደግሞ አካውንት በብር የሚገዛበት ቦታ ልስጣችሁ። ሁጎ የሚባለው የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት አለ። ድምፅ ለመስጠት አባልነት ተከፍሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደራጁ ቡድኖች አንድ ዓይነት ዝርዝር ይዘው መጡና የዕጩነቱን ቦታ ሞሉት። ሁሉም እውነተኛ ሰው፣ ሁሉም የከፈለ። ሌላው መራጭ ተናደደና በ5 ዘርፎች "ማንም አይሸለም" ብሎ መረጠ። ጠርጣራው፣ አንተ እዚያ ብትሆን ማንን ልታግድ ነበር? አንድም ፌክ የለም እኮ። እነሱ ሰው አላባረሩም፤ የአቆጣጠር ደንባቸውን ነው የቀየሩት፣ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ።

ጠርጣራው፦
ይሄ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን ለእኔ ነው የሚያደላው። እነዚያ ሰዎች በግልጽ "ዝርዝራችን ይኸው" ብለው ነው የመጡ። ጓደኞቼን ጠራሁ የሚለው ሰውዬ ግን አንዱን ጓደኛ እንኳ አምጥቶ "አለሁ" አያሰኘውም። ሃያ ጓደኛ ኖሮህ አንዱ ቃል አይተነፍስም? ሼም ነው።

ፊት ለፊት፦
እዚህ ላይ እውነት አለህ። ሃያው ሁሉ ዲዳ ከሆነ እኔም ይሸተኛል። ቢሸተኝም ግን ሽታ ፍርድ አይሆንም።

ገለልተኛ፦
ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ ተረሳ። ፖሉ ተዘግቷል፣ ሁለተኛው አሸንፏል። ዛሬ ምን ይደረግ?

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ ብሆን ውጤቱን አላጸድቅም። ምርጫው ይደገማል፤ ምርጫው ከመታወጁ በፊት የተከፈተ አካውንት ብቻ ይቆጠራል። ፖሉ እስኪዘጋ ድረስ ቁጥሩ ለማንም አይታይም፤ ቁጥር ወዳድ እንዳለው መጀመሪያ የገባው ድምፅ ሌላውን ይስባልና። ሁለተኛው ዕጩም ይወዳደራል። በእውነት ደጋፊ ካለው ያሸንፋል፣ ከሌለው በራሱ ጊዜ ይታያል። እንዴት እንደጠረጠርን ግን በዝርዝር አንጽፍም። ሬዲት የሚያሳየውን የድምፅ ቁጥር ትንሽ የሚያዛባው ዝም ብሎ አይደለም፤ አጭበርባሪው የትኛው ድምፁ እንደተቆጠረ እንዳያውቅ ነው።

ፊት ለፊት፦
አዲስ የገባው ሰውስ? ትናንት የተመዘገበ ንጹሕ ሰው ድምፅ የለውም ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛ፦
ለዚህኛው ምርጫ የለውም፣ አዎ። ይሄ ዋጋ ነው፣ አልክድም። ለሚቀጥለው ይኖረዋል።

ዝምተኛዋ፦
እኔ በሁለቱ አካውንቴ እገባለሁ ብላችሁ ካሰጋችሁ፣ በአንዱ ብቻ ነው የምሰጠው። በየትኛው እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።

ጠርጣራው፦
እሺ ይደገም። ግን አንድ ነገር አልለቅም። ስንት ድምፅ እንደተሰረዘ በይፋ ይለጠፍ። አድሚን ጓዳ ገብቶ ይህን ቆጠርኩ ያን ጣልኩ ካለ፣ ያኔ የማጭበርበሪያው ቁልፍ እሱ ጋ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
በዚህ መቶ በመቶ። ቁጥሩ ይለጠፍ፣ የማን እንደሆነ ሳይጻፍ።

ጠርጣራው፦
የማን እንደሆነ ለማወቅማ መቀነስ መቻል ይበቃል። በድጋሚ ምርጫው እስማማለሁ፤ በእገዳው ጉዳይ ግን አልተግባባንም።