ከኦዋሁ ወደ ሐዋሳ የገና ስጦታ፦ በእውነት ደሴቱ ላይ የተሠራ ምን ይላክ?

ታቦር ግርጌ
ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ያለሁት ሃዋይ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ ነው። ለገና ሐዋሳ ላሉት ለእናቴ፣ ለአጎቴና ለሁለት አብሮ አደጎቼ እዚሁ የተሠራ ነገር መላክ እፈልጋለሁ። ከሌላ አገር መጥቶ የዘንባባ ሥዕል የተለጠፈበት አልፈልግም። መላኪያውን ጨምሮ 200 ዶላር ይዣለሁ። እናቴ የነቢያትን ጾም ስለምትጾም የሚበላ ከሆነ የጾም መሆን አለበት። ምን ልግዛ? በፖስታ ይሻላል ወይስ በሰው? ዛሬ ኅዳር 24 ነው፤ ለታኅሣሥ 29 ይደርሳል?

ማዶ ሰፈር
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የዕቃውን ጀርባ አንብቢ። በሃዋይ ሕግ አንድ ዕቃ «በሃዋይ የተሠራ» ተብሎ እንዲሸጥ ከጅምላ ዋጋው ቢያንስ 51 በመቶው እዚያው ግዛት ውስጥ በማምረት ወይም በመገጣጠም የተጨመረ መሆን አለበት። «በሃዋይ የተነደፈ» የሚለው ግን ሥዕሉ እዚያ ተስሎ ዕቃው ሌላ አገር ተሠርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። «አሎሃ» የሚል የሃዋይ ሰላምታማ የትም ይታተማል። ዋይኪኪ ዳር ያሉት የቱሪስት ሱቆች ውስጥ የዛጎል ሐብሉና የእንጨት ሳህኑ ብዙው ከፊሊፒንስና ከቻይና የመጣ ነው።

ለእናትሽ ማካዴሚያ ላኪ። ለውዝ መሰል ፍሬ ስለሆነ ጾም ነው፤ በጨው የተቆላውን ወይም ምንም ያልነካውን ውሰጂ። በቸኮሌት የተለበጠውን ከወሰድሽ አብዛኛው ወተት አለበት። ጥቁር ቸኮሌት የሚል ቢሆንም ከጀርባው የወተት ዱቄት ወይም የቅቤ ዘይት ተጽፎ ይገኛል። ማካዴሚያ ከክብደቱ ወደ 75 በመቶው ዘይት ነው፤ አየር ካገኘ ይሻግታል፣ አጠገቡ ያለውን ሽታም ይስባል። አየር በማያስገባ ከረጢት የታሸገውን ግዢ፤ ከሳሙናና ከሽቶ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ አትክተቺው። ከነቅርፊቱ እንዳትልኪ፤ ቅርፊቱ በቀላሉ አይሰበርም። ግቢ ውስጥ ውሻ ካለ ደግሞ ፍርፋሪው እንዳይሰጠው ንገሪያቸው፤ ማካዴሚያ ለውሻ መርዝ ነው።

«በሃዋይ የበቀለ» የሚል ካላየሽ ፍሬው ከደቡብ አፍሪካ ወይም ከኬንያ መጥቶ እዚያ የታሸገ ሊሆን ይችላል። ሐዋሳን አቋርጦ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ማዶ የበቀለ ፍሬ ግማሽ ዓለም ዞሮ እናትሽ ቤት ይገባል ማለት ነው።

ታቦር ግርጌ
እግዜር ይስጥልኝ። እዚሁ ሃዋይ የሚበቅለው የኮና ቡናስ? ሁሉም ሰው እሱን ላኪ ይለኛል።

ማዶ ሰፈር
ለሌላ አገር ሰው ቢሆን አዎ። ሲዳማ ምድር ላይ ለሚኖር ሰው ግን ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። ከላክሽም «100 በመቶ ኮና» የሚለውን ብቻ። «የኮና ቅልቅል» የሚለው እስካሁን ባለው ሕግ 10 በመቶ የኮና ቡና ካለበት ይበቃዋል፤ ወደ 51 በመቶ የሚያሳድገው አዲሱ ሕግ የሚጸናው ከሐምሌ 2027 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለጓደኞችሽ ላውሃላ እይላቸው። ሃላ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል የሚሠራ የእጅ ሽመና ነው። ቅጠሉ ረጅምና እንደ ሰይፍ ቀጭን ነው፤ ሁለቱም ጠርዙና የጀርባው አከርካሪ እሾህ አለበት። እሾሁ ተላጥቶ፣ ቅጠሉ ተወልውሎና ለስልሶ እንደ መቀነት ይጠቀለላል፤ ከዚያ በእኩል ስፋት ተሰንጥቆ ይታታል። አምባር፣ ትንሽ ሙዳይ፣ ባርኔጣ ይሆናል። ሰፌድና መሶብ ሲሰፋ እያየ ያደገ ሰው እጅ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል ድካም እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል። እውነተኛውን ቀስ ብለሽ ፈትኚው፦ ቀለሙ ከሰንጥቅ ሰንጥቅ ይለያያል፣ ከፈካ ቢጫ እስከ ቡና ዓይነት ይዥጎረጎራል፣ ሽታው የደረቀ ሣር ነው፣ ጠርዙ ላይ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተመልሰው ተደብቀዋል። ሁሉም ሰንጥቅ አንድ ዓይነት ቀለም ኖሮት ከተንጸባረቀ ፕላስቲክ ነው። ሲታሸግ እርጥበት ካለበት ይሻግታል፣ ከታጠፈ ይሰነጠቃል። ባርኔጣ ከሆነ ጎድጓዳውን በልብስ ሙይው፤ አምባር ከሆነ ፖስታ ውስጥ ይገባል።

ኮዋ የሚባለው እንጨት ሃዋይ ላይ ብቻ የሚበቅል የግራር ዘመድ ነው። ሳህኑ ውድ ስለሆነ በበጀትሽ የሚገኘው ማበጠሪያ ወይም ማንኪያ ነው። የባሕር ዳር እርጥበት የለመደ እንጨት የሐዋሳ በጋ ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ስለሚችል ሽታ የሌለው ዘይት ይቀባ በያቸው።

ለአጎትሽ ሸሚዝ። አንገቱ ሥር ያለው መለያ ላይ ሃዋይ መሰፋቱ የተጻፈበትን፣ የደረት ኪሱ ሥዕል ከሸሚዙ ሥዕል ጋር ገጥሞ የተሰፋውን ምረጪ። ሰፊው ለኪሱ ብሎ ጨርቅ እንዳልሰሰተ ያሳያል። የጥጥ ሸሚዝ ከሩብ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፣ አይሰበርም፣ አይቀልጥም።

ቅዳሜ ጠዋት በካፒኦላኒ ኮሌጅ ግቢ የሚቆመውን የገበሬ ገበያና የቢሾፕ ሙዚየምን ሱቅ ተመልከቺ። በፈረንጅ ገና ሰሞን ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት የእጅ ሥራ ባዛር ይከፍታሉ፤ ሠሪውን ራሱን አግኝተሽ የምትጠይቂው እዚያ ነው። አሸዋ ግን በብልቃጥም ቢሆን አትላኪ፤ ከባሕር ዳርቻ ማንሳቱ በሕግ ክልክል ነው።

ዋንዛ ጥላ
ልጄ፣ ስለ መላኪያው እኔ ልንገርሽ። የአሜሪካ ፖስታ ቀላሉ የውጭ ፓኬጅ ጣሪያው 4 ፓውንድ፣ ማለትም 1.8 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ዋጋው ዘሎ ይወጣል። ስለዚህ ካርቶኑን ጨምረሽ ቤት መዝኚው፤ ካርቶንና መሙያ ወረቀት ብቻውን ሩብ ኪሎ ሊበላ ይችላል።

የጉምሩክ ቅጹ ላይ «ስጦታ» ብቻ ብለሽ አትጻፊ። ስጦታ የላኩበት ምክንያት እንጂ የዕቃ ስም አይደለም። «የጥጥ የወንድ ሸሚዝ፣ 1፣ ያገለገለ ያልሆነ፣ 60 ዶላር» እያልሽ እያንዳንዱን ከነብዛቱ፣ ከነክብደቱና ከነዋጋው ዘርዝሪ። ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ሁለት ጉዳት አለው፦ ዕቃው ቢጠፋ የሚከፈልሽ ካለም ከጻፍሽው አይበልጥም፣ ፈታሹ ካላመነ ደግሞ በራሱ ግምት ይተምነዋል። ደረሰኝሽን ካርቶኑ ውስጥ ክተቺ።

ፖስታ ቤት ጎን
እኔ ያለሁት ሐዋሳ ነው፤ ከተቀባዩ ወገን ያለውን ልጨምር። አድራሻ ላይ «ታቦር፣ ከገብርኤል ወረድ ብሎ» ተብሎ የተላከ ዕቃ ቤት ድረስ አይመጣም። የፖስታ ሣጥን ቁጥርና የሚሠራ ስልክ ያስፈልጋል። ስልኩን በ251 ጀምሪና ካርቶኑ ላይ ሁለት ቦታ ጻፊው፤ አንዱ ቢፋቅ አንዱ ይቀራል። ሣጥን ከሌላት የመሥሪያ ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሣጥን በፈቃድ መጠቀም ይቻላል፤ ያኔ የእናትሽ ስም ከሣጥኑ ባለቤት ስም በላይ ይጻፍ።

ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚታገተው በስም ነው። አሜሪካ ያለው ልጅ የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ለእናቱም ይጽፈዋል። እናትየው መታወቂያ ላይ ግን በራሷ አባትና አያት ነው የምትጠራው። ፖስታ ቤት ቆማ «እኔ ነኝ» ብትል ማን ያምናታል?

ቀረጥም አለ። ከተጣለበት የሚከፍለው ተቀባዩ ነው፤ አንቺ እዚያ ሆነሽ አስቀድመሽ ልትከፍዪላት አትችዪም። እንዳትደነግጥ ትንሽ ገንዘብ አብረሽ ላኪላት። መድረሻውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ ተፈትሾ ወደ ሐዋሳ የሚወርድ ስለሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ብላችሁ ያዙ።

ታቦር ግርጌ
እስከ ገና 5 ሳምንት ነው የቀረኝ። እንግዲህ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም ማለት ነው?

አሞራ ገደል
ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? 200 ዶላሩን ላኪላት። በግ ትግዛበት፣ ቅቤና ዶሮዋን ትሸምትበት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ በባንክ የሚደርሳት ብር እንደ ድሮው የሚያስቆጭ አይደለም። እናቶቻችን ሸምተው ለሚያድሩበት ኑሮ የቅጠል አምባር ምን ይሠራል? ከዚያ ላይ ቀረጥ ክፈዪ ማለት እዳ መላክ ነው።

ዋንዛ ጥላ
ገንዘብ የምትልኩ ልብ በሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ከአሜሪካ ወደ ውጭ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሽየር ቼክ ከፍላችሁ የምትልኩት ላይ 1 በመቶ ግብር አለ። ከባንክ ሂሳባችሁ ወይም አሜሪካ በተሰጠ የባንክ ካርድ ከሆነ አይነካችሁም። ስለዚህ ሱቅ ሄዳችሁ ጥሬ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ሐይቅ ዳር
አሞራ ገደል፣ ገንዘቡ በየወሩ ይሄዳል እኮ። በግ በሦስት ቀን ያልቃል። ልጇ የምትኖርበት ቦታ ምን እንደሚሸት፣ ምን እንደሚበቅልበት እናት በእጇ ይዛ የምታውቀው በምንድን ነው? በቪዲዮ ባሕር ታያለች፤ ባሕር አይዳሰስም። በገና ማለዳ ቤቱ ሰው ሞልቶ «ይቺ ከልጄ ናት» ብላ የምታሳየው ነገር ያስፈልጋታል። የባንክ መልእክት ለጎረቤት አይታይም።

አሞራ ገደል
ማሳየቱ ሆድ አይሞላም። ዕቃ ከሆነም የግድ፣ ሐዋሳ ላይ እጅ የሚሠራ ሰው ጠፍቶ ነው? ገንዘቡን ላኪና ለእናትሽ ጋቢ ይሠራላት። ሸማኔው ይጠቀማል፣ እናትሽ ትሞቃለች፣ ቀረጥ የለም፣ ጉምሩክ የለም፣ ለገናም ይደርሳል።

ፖስታ ቤት ጎን
ለገና ይደርሳል ያልከው ዛሬውኑ ከታዘዘ ነው። ባለ አራት ድርብ ጋቢ የሚፈልግ ሰው ከበዓሉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይናገር፤ ታኅሣሥ ሲጋመስ ሸማኔው እጁ ላይ ካለው በቀር አዲስ አይቀበልም። ስታዝዙ ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን ወይስ የፋብሪካ ክር ብላችሁ ቁረጡ። የእጅ ፈትሉ ይለሰልሳል፣ ይሞቃል፣ ሲታጠብም ይደምቃል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ለጥለቱ ቀለም ከተውክለት ያለውን ያገባልሃል።

ቢሆንም የልጅቷ ጥያቄ ይህ አልነበረም። ደሴቷን ላሳይ ነው ያለችው። ጋቢ የሐዋሳ እንጂ የሃዋይ አይደለም።

አሞራ ገደል
ወንድሜ፣ እሷ ማሳየት የምትፈልገውንና እናቷ የሚያስፈልጋትን ለይ። ውጭ ያለን ሰዎች የምንልከው ራሳችንን ደስ የሚያሰኘንን ነው፤ ሻንጣ ሙሉ የማይለበስ ልብስ የምንጭነውም በዚሁ ነው።

ሐይቅ ዳር
የማይለበሰው ሳይጠየቅ ስለሚላክ ነው። የአጎቷን የትከሻ ስፋት በሴንቲሜትር አስለክታ ብትገዛ ይለበሳል። ደግሞ እናትን «ምን ልላክልሽ» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ «ምንም አልፈልግ፣ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» ነው የምትለው። ጎረቤቷን ወይም ታናሽ እህቷን ነው መጠየቅ።

ማዶ ሰፈር
ሁለቱም ይቻላል። አሎሃ ሸሚዝ፣ ሁለት አምባር፣ ሁለት ከረጢት ማካዴሚያ፣ አንድ የኮዋ ማበጠሪያ። ከነካርቶኑ ከ1.8 ኪሎ በታች ይሆናል። የቀረውን በባንክ።

አንድ የረሳሁት፦ ቀይ ጨው ግዢ የሚሉሽ ይኖራሉ። ካዋይ ደሴት ሃናፔፔ ላይ ቤተሰቦች ከቀይ አፈር ጋር የሚያዘጋጁት ጨው በባህላቸው አይሸጥም፤ ይሰጣል ወይም በዕቃ ይለወጣል እንጂ። ሱቅ ያለው ቀይ ጨው የዚያ ምድር እንዳይመስልሽ። ከዚያ ሰፈር ሰው አክብሮ ከሰጠሽ ግን ከማካዴሚያውም ከሸሚዙም አስቀድመሽ እሱን ለእናትሽ ላኪ፤ አንድ እፍኝ ይበቃል፣ ምን እንደሆነ በአማርኛ ጽፈሽ።

ታቦር ግርጌ
ሸሚዙን፣ አምባሮቹንና ማካዴሚያውን ወስኛለሁ። ጋቢውንም ዛሬ አዝዣለሁ፤ አሞራ ገደል ስለ ሸማኔው ያልከው ልክ ነው። ጋሼ ዋንዛ ጥላ፣ ስለ ቅጹ ያሉኝን እንዳሉት አደርጋለሁ። የቀረኝ ማን እንደሚወስደው ነው። በታኅሣሥ ወደ አገር ቤት የሚገባ፣ 1 ኪሎ ተኩል የሚይዝልኝ ሰው አለ?

ዋንዛ ጥላ
ታኅሣሥ 14 ከዋሽንግተን የምትነሳ አንዲት እህት አለች፤ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ስላላት ቦታ አይጠፋም። ሁኔታዋ ግን ይህ ነው፦ ካርቶን አትቀበልም፣ የተሰፋ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር አትቀበልም፣ ሁሉንም ከፍታ አይታ ነው የምትከተው። ልክ ነች። መድኃኒትና ስልክም አትይዝም። ከሃዋይ ወደ ዋሽንግተን በአገር ውስጥ ፖስታ ስትልኪ ከአንድ ሳምንት በላይ ተጠባበቂ፤ በዓል ሰሞን ይዘገያል። ማካዴሚያው የተፈለፈለና የታሸገ ስለሆነ ከሃዋይ ሲወጣ ችግር የለበትም፤ አብዛኛው ትኩስ ፍራፍሬና ተክል ነው የሚከለከለው።

አሞራ ገደል
ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳስ ማን ያደርስላታል? መንገደኛዋ ቦሌ ወርዳ ወደ ሌላ አቅጣጫ የምትሄድ ከሆነ ዕቃው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እስከ ጥምቀት ይተኛል።

ሐይቅ ዳር
የአውቶቡስ ወኪል ይዞ ይወርዳል። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

አሞራ ገደል
ወኪል ሲይዝ ደረሰኝ ካልተቆረጠ አልስማማም።

ፖስታ ቤት ጎን
ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ላኪውም ተቀባዩም መታወቂያ ያሳያል። ስለዚህ ታቦር ግርጌ፣ ከሁሉ በፊት ይህን መልሺልን፦ የእናትሽ ስም መታወቂያዋ ላይ እንዴት ነው የተጻፈው? በስልክ አታስነብቢያት፤ ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ።