ሃን ነው ቀድሞ የተኮሰው ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

የዴክ ዘመን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ልጅ ሆኜ አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ስታር ዋርስ የሚባለውን የጠፈር ፊልም፣ የመጀመሪያውን ክፍል፣ በቪዲዮ ካሴት አምጥቶልን ነበር። ካሴቱ የአሜሪካ ስለሆነ ከእኛ ቴሌቪዥን ጋር አልተግባባም፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ነው። የክፉው የዳርት ቬደር የብርሃን ሰይፍ ቀይ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ቢሆንም ክሩ እስኪበጠስ ድረስ አየነው። ባለፈው እሁድ ከአስር ዓመት ልጄ ጋር ኢንተርኔት ላይ ከፍተን እያየን መጠጥ ቤቱ ጋ ስንደርስ ደነገጥኩ። ያ ግሪዶ የሚባለው፣ ለገንዘብ ሰው የሚያድነው፣ ይተኩስና እዚያው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ኮንትሮባንዲስቱን ሃን ሶሎን ይስታል፣ ሃንም ይገድለዋል። እኔ የማስታውሰው ግን ሃን በወሬ እያዘናጋ ሽጉጡን ከጠረጴዛው ስር ቀስ አድርጎ ሲያወጣና ሲተኩስ ነው፤ ግሪዶ ምንም አልተኮሰም። ትዝታዬ ነው የከዳኝ ወይስ ፊልሙ ተነክቷል? ከተነካስ ለልጄ የትኛውን ላሳያት?

ኮከብ ቆጣሪ፦
ትዝታህ አልከዳህም ወንድሜ። በፈረንጆቹ 1977 ሲኒማ ቤት የታየው ልክ አንተ እንዳልከው ነው፤ የተኮሰው ሃን ብቻ ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ በ1997 ሦስቱንም ፊልሞች አድሶ ወደ ሲኒማ ሲመልሳቸው ግሪዶን ቀድሞ እንዲተኩስ አደረገው። በ2004 ዲቪዲው ሲወጣ ደግሞ ሁለቱም እኩል ሊተኩሱ ምንም አልቀራቸውም።

ትንሽ ነገር ናት የሚል ካለ በጣም ተሳስቷል። ሃን እኮ መጀመሪያ ላይ ከገንዘቡና ከነፍሱ ሌላ የሚያሳስበው ነገር የለም። ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ፣ ቬደር ከዋናው ጀግና ከሉክ ጀርባ ተለጥፎ ሊመታው ሲል፣ ሃን ከላይ እየጮኸ ሲወርድ ከመቀመጫችን የምንነሳው። ከመጀመሪያው ጨዋ ካደረግከው ያ መመለስ ምን ዋጋ አለው?

ለልጅህ የድሮውን አሳያት። የመክፈቻውን ትዕይንት ልብ በሉት፤ ትንሿ መርከብ ታልፍና ግዙፉ ተከትሏት ይመጣል፣ ሆዱ አላልቅ ይላል። ያ ግዙፍ መርከብ አንድ ሜትር የማይሞላ ሞዴል ነው! የምትባረረው የ"ትንሿ" ሞዴል ከእሱ ትበልጣለች። ካሜራውን በኮምፒውተር እየመሩ፣ ከሞዴሉ ስር አስጠግተው እየነዱ ነው ዓይናችንን ያሳመኑት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። ግሪዶ ላይ ልክ ናችሁ፣ ሃን ዕዳ ያለበትን የወንበዴ አለቃ ጃባንም ባይጨምሩት ይሻል ነበር። በ1977 ቀረጻ ላይ የጃባን ቦታ ይዞ የቆመው ሰው ስለነበር፣ በኋላ በኮምፒውተር በተሠራ ጭራ ባለው ፍጡር ሲተኩት ሃን በሰውየው ጀርባ ዞሮ ያልፍበት የነበረው ቦታ ላይ ጭራ መጣና ጭራውን እንዲረግጥ ተደረገ። እሱን ማየት ያመኛል። ግን ሁሉም ተበላሸ አትበሉ። የ1980ውን ሁለተኛውን ፊልም እዩ፤ በረዶው ላይ የሚበርሩት መንኮራኩሮች ዙሪያቸውን ጥቁር መስመር ነበረባቸው፣ እሱ ጸዳ። የደመናው ከተማ ኮሪደሮችም ነጭ ግድግዳ ብቻ ነበሩ፤ መስኮት ወጣላቸውና ሰማዩ ገባ። ሉካስ የራሱን ሥራ ነው ያስተካከለው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የድሮውን ከገበያ ማጥፋቱ ለምን አስፈለገ? ሁለቱንም አስቀምጦ ሰው ይምረጥ ማለት ይችል ነበር።

ጋሽ ስፖክ፦
ልጆች፣ ስለ አንድ ሽጉጥ ይህን ያህል ስትከራከሩ ትልቁን ፊልም ረሳችሁት። የ1982ቱ ስታር ትሬክ፣ የካን ቁጣ። ክፉው ካን እና ጀግናው ካፒቴን ከርክ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በአካል አይገናኙም። የሚተያዩት በስክሪን ብቻ ነው፣ ጥላቻው ግን ያቃጥላል። ጭጋጉ ውስጥ ያለው ውጊያ እንደ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ነው፤ መሣሪያቸው ታውሮ በዝምታ ይፈላለጋሉ። ደግሞ ከርክ አርጅቷል፣ ለማንበብ መነጽር ያደርጋል። በሃያ ዓመቴ ይቺን ነገር አላየኋትም ነበር፣ አሁን ነው የገባችኝ። የከርክ ጓደኛ ስፖክ ሊሞት ሲል በመስታወቱ ማዶ ሆኖ እጁን ሲያስጠጋ ዛሬም አለቅሳለሁ። ስታር ዋርስ ለልጅ ነው፣ ይህ ለሰው ነው።

ኮከብ ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ "ለልጅ ነው" የሚለውን አልቀበልም። ሉክ የአጎቱና የአክስቱ ቤት ተቃጥሎ ሲያገኝ፣ ወይም ደግሞ ሁለቱን ፀሐዮች ቆሞ ሲያይ የሚሰማው ነገር የልጅ አይደለም። ካን ላይ ግን አልከራከርዎትም።

ጠያቂው "ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል" ስላልክ ደግሞ ይህን ልንገርህ። ግማሹን ፊልም በደንብ አግኝተኸዋል ማለት ነው። ቤን በርት የሚባለው የድምፅ ባለሙያ የሰይፉን እምምታ የሠራው ከፊልም ማሳያ ማሽን ሞተርና ከቴሌቪዥን ጉርምርምታ ነው። የቬደር ትንፋሽ የጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ ነው። እነዚያ እየጮኹ የሚያልፉት የጠላት መንኮራኩሮች ደግሞ የዝሆን ጩኸትና እርጥብ አስፋልት ላይ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ተቀላቅሎ ነው። ለሥራው ልዩ ኦስካር ሰጥተውታል።

የዴክ ዘመን ልጅ፦
ዝሆን! ያንን ድምፅ እኮ ሰፈር ውስጥ ስንጫወት በአፋችን እናወጣው ነበር።

በጣም አመሰግናለሁ። የድሮው የት ይገኛል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
በ2006 የወጣውን ዲቪዲ ፈልግ፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ የድሮው አለ። ጥራቱን ግን ብዙ አትጠብቅ፣ ከ1993ቱ ሌዘርዲስክ (ከዲቪዲ በፊት የነበረው ትልቁ ዲስክ) ቅጂ የተወሰደ ነው። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ዲስክ የሚሸጡ ጋ አይጠፋም።

የዴክ ዘመን ልጅ፦
አጎቴ አሁንም እዚያው ነው፤ ትናንት ደወልኩለትና እፈልጋለሁ ብሎኛል። ጋሼ፣ ካንንም ጨምሬ አዝዣለሁ። ለልጄ የካሴቱን ታሪክ ስነግራት ዲስኩ ሲመጣ የቴሌቪዥኑን ቀለም አጥፍተን እንድናይ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ እንደ እኔ ማየት ፈልጋለች።