ልጄ «ቤተሰብሽ ለምን መጣ?» የሚል የቤት ሥራ መጣባት፣ ምን ትጻፍ?

እናት ከቺካጎ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአምስተኛ ክፍል ልጄ ከደቡብ ወደ ሰሜን የተሰደደ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ልጅ ሆና እንድትጽፍ ታዛለች። እሱ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ገጽ ግን «የእናንተስ ቤተሰብ ለምንና እንዴት መጣ?» ይላል። የጥገኝነት ጉዳያችን ገና አልተወሰነም። ልጅቷ ደግሞ የመጣንበትን ሁሉ ታውቃለች። ትጻፈው ወይስ ትተወው?

ጡረተኛው መምህር፦ እህቴ፣ ከትምህርት ገበታ ያስወጧታል ብለሽ አትስጊ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ወረቀት የሌለው ልጅም ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ወስኗል። የጉዳያችሁን ዝርዝር ግን ጠበቃሽን ሳትጠይቂ አታስጽፊያት።

የመጀመሪያውን ገጽ በደንብ ትሥራው። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ደቡብን ለቀዋል። ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ ብዙዎችን ያመጣቸው የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ነው። የጥጥ ለቀማ ሲደርስ በብዙ ቦታ የጥቁር ልጆች ትምህርት ይቋረጥ ነበር። ብዙ ጊዜ አባት ቀድሞ ይሄድና የቲኬት ገንዘብ ይልካል። በባቡሩ ምግብ ቤት ስለማያስተናግዷቸው እናት ዶሮ ጠብሳ፣ እንቁላል ቀቅላ በጫማ ካርቶን ትይዛለች። የሚያርሱት መሬት ባለቤት «ዕዳ አለባችሁ» ብሎ እንዳያስቀራቸው ደግሞ በሌሊት የሚወጡ ነበሩ። እዚህ ላይ ልጁን አስቢው። የቅርብ ጓደኛውን እንኳ ሳይሰናበት፣ አፉን ዘግቶ ነው የሚሄደው። ያንቺ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ትረዳዋለች።

ቺካጎም ገነት አልነበረችም። ሌላ ሰፈር ስለማያከራዩአቸው ቤተሰቡ በሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በውድ ኪራይ ይኖራል። በሐምሌ 1919 ዩጂን ዊሊያምስ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ሐይቁ ላይ ወደ ነጮቹ መዋኛ ተጠግቶ ድንጋይ ተወረወረበትና ሰጠመ። በተነሳው ሁከት 38 ሰው ሞተ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲያትል፦ የጫማ ካርቶኑ አስለቀሰኝ። እናቴ ስሸኝ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ ትዝ አለኝ። ደሴ ናት። በየወሩ እልክላታለሁ፣ እሷ ግን «ብሩ ይቅርብኝ፣ ልጆቹን ሳላያቸው እንዳልሞት» ትላለች። ዘንድሮ ለክረምት ልልካቸው ነው። የሁለቱ ቲኬት ከቤት ኪራዬ በላይ ሆነብኝ።

ባለታክሲው፣ ዲሲ፦ ታሪኩ ያሳዝናል፣ ግን የእነሱ ነው። እኛ ስደተኞች ነን። ልጆቻችን ስለ ዓድዋ ይጻፉ።

ነርሷ፣ ቺካጎ፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ሚሲሲፒ ያደገው ጆን ሮቢንሰን ወደ ሰሜን ወጥቶ እዚህ ቺካጎ አብራሪ ሆነ። በ1935 ጣሊያን ሲመጣብን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በረረልን። የሞተውም እዚያው ነው። እሱ «የእነሱ ነው» አላለም። በትውልድ አገር የተመሠረተውን ኮታ ያስቀረው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን ነው። እኛ የገባነው እነሱ ዋጋ በከፈሉበት በር ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ክረምት ካነሳችሁ ላይቀር፣ እነሱም ልጆቻቸውን ለክረምት ወደ ደቡብ ዘመድ ቤት ይልኩ ነበር። ሜሚ ቲል በሁለት ዓመቷ ነው ከሚሲሲፒ የወጣችው። በነሐሴ 1955 የ14 ዓመት ልጇን ኤሜትን ወደዚያው ላከችው። እንዲጠነቀቅ መክራው ነበር። ነጮች አፍነው ገደሉት።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲያትል፦ ጋሼ፣ እና አትላኪ ነው የሚሉኝ?

ጡረተኛው መምህር፦ አላልኩም ልጄ። ቲኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እናትሽን በደንብ ጠይቂ ነው የምልሽ። ቤተሰቡ ያመለጠበትን ነገር ልጁ አያውቀውም።

ባለታክሲው፣ ዲሲ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አያት ጥየቃን ከዚያ ግድያ ጋር ማንሳት ልክ አይደለም። ሴትየዋን እያስፈሯት ነው። የእኔ ልጆች አማርኛ አፋቸውን የፈቱት አያታቸው ጋ ከርመው ነው።