የአዳሪ ትምህርት ቤት ክፍያ፦ ውሉን ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትልቁ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ስድስት ዓመት ይቆያል ብለን ነው ያሰብነው፣ ታናሹም ይከተለዋል። ከትምህርት ቤቱ የደረሰን የዓመቱ ክፍያ የተጻፈበት አንድ ገጽና የምንፈርምበት ወፍራም ውል ነው። ገጹ «ክፍያው ሁሉንም ያጠቃልላል» ይላል፤ ውሉ ደግሞ «ተጨማሪ ወጪዎችን ወላጅ ይሸፍናል» ይላል። የትኛውን ልያዝ? የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከከፈልን 3 በመቶ፣ ለወንድማማቾች ደግሞ 10 በመቶ ቅናሽ አለ ብለውናል። ከመፈረማችን በፊት በጽሑፍ ማስመለስ ያለብን ጥያቄ ምን ምን ነው?

ሒሳብ ክፍል፦

የሚይዙት ውሉን ነው። ጭቅጭቅ ሲመጣ የሚነበበው የፈረሙበት ወረቀት እንጂ ገጹ አይደለም።

መጀመሪያ አንዴ ብቻ የሚከፈለውን ይለዩ፦ ማመልከቻ፣ ምዝገባ፣ ማስያዣ። የማመልከቻውና የምዝገባው ገንዘብ ልጁ ባይገባም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ማስያዣ ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቦታ ለመያዝ ይከፈልና ከመጀመሪያው ተርም (የትምህርት ዓመቱ አንድ ክፍል) ክፍያ ላይ ይታሰባል። ሌላው ልጁ እስኪወጣ ድረስ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ይቀመጥና የቀረ ዕዳ፣ የጠፋ መጽሐፍና የተሰበረ ዕቃ ተቀንሶለት፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ወለድ ይመለሳል። በስሙ አይለዩትም፤ «ከየትኛው ክፍያ ላይ ይታሰባል? መቼስ ይመለሳል?» ብለው ይጠይቁ።

ቀጥሎ የየተርሙ ክፍያ። ትምህርቱ ስንት፣ ማደሪያና ምግቡ ስንት እንደሆነ ተለይቶ እንዲጻፍልዎ ያድርጉ። ምክንያቱ ቅናሽ ነው። የወንድማማች ቅናሽም ሆነ ስኮላርሺፕ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በትምህርቱ ክፍያ ላይ ብቻ ነው። ከ100 ውስጥ ትምህርቱ 55 ቢሆን፣ 10 በመቶ የተባለው ቅናሽ ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ የሚያነሳልዎ 5.5 ብቻ ነው። ለታናሹ ብቻ ነው ወይስ ለሁለቱም? ታላቁ ሲጨርስ ይቋረጣል? ከ3 በመቶው ጋር ተደርቦ ይሰጣል? ሦስቱንም ይጠይቁ።

ሦስተኛው እንደ አጠቃቀም የሚመጣው ነው፦ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ አካል ለሚሰጠው ፈተና መመዝገቢያ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የግል ትምህርት፣ ጉዞ፣ ሕክምና፣ የደንብ ልብስ፣ የልዩ ድጋፍ ትምህርት። እዚህ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ ይልቅ ባለፈው ዓመት ልጅዎ ከሚገባበት ክፍል ላለ አንድ ተማሪ የተላከ የተርም ቢል፣ ስሙ ተሰርዞ፣ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ከየትኛውም ዝርዝር የበለጠ ይነግርዎታል። ካልፈቀዱም መልሱ በራሱ መረጃ ነው።

የስድስት ዓመቱን ሲያሰሉ ደግሞ ጭማሪውን አይርሱ። ክፍያው በየዓመቱ 6 በመቶ ቢጨምር፣ የስድስተኛው ዓመት ክፍያ ከመጀመሪያው በ34 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ድምሩ በዛሬው ዋጋ የሰባት ዓመት ክፍያ ያህል ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ዓመት ጨመሩ ማለት ነው።

ውል አንባቢ፦

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ ግን እኔ ብሆን ከዋጋው በፊት የማነበው «መውጣት» የሚለውን አንቀጽ ነው። ወላጅ ያላሰበው ትልቅ ገንዘብ የሚሄደው እዚያ ነው።

በብዙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጅ ለማስወጣት የአንድ ሙሉ ተርም ማስጠንቀቂያ ይጠየቃል። ልጁ በሁለተኛው ተርም መጨረሻ እንዲወጣ ከተፈለገ፣ ደብዳቤው ሁለተኛው ተርም ከሚጀምርበት ቀን በፊት መድረስ አለበት። አንድ ቀን ከዘገየ የሦስተኛው ተርም ክፍያ ልጁ ባይማርበትም ይጠየቃል። ለክፍል ኃላፊው በስልክ መናገር እንደ ማስጠንቀቂያ አይቆጠርም፤ ውሉ ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ ለርእሰ መምህሩ ይላል፣ እንደዚያው ይደረግ። ኢሜይል ከላኩ «ደርሶናል» የሚል መልስ ተቀብለው ያስቀምጡ። ከአዳሪነት ወደ ተመላላሽነት መቀየርም ብዙ ጊዜ በዚሁ ደንብ ይገዛል፤ ይህን የሚያስተውል ጥቂት ሰው ነው።

ልጁ ከመግባቱ በፊት ሐሳብ መቀየርም ቀነ ገደብ አለው። ከዚያ በኋላ ማስያዣው ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው ተርም ሙሉ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

ልጁ ቢታመም ወይም ቢባረርስ? የተለመደው መልስ «ተመላሽ የለም» ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለሕመም የክፍያ ተመላሽ ኢንሹራንስ ያቀርባሉ። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ መግባት ያስፈልጋል፤ ስንት በመቶ እንደሚመልስና አስቀድሞ የነበረ ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ፖሊሲው ላይ ይዩ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ቢዘጋ ምን እንደሚሆንም ይጠይቁ። በኮቪድ ጊዜ ልጆች ወደ ቤት ሲላኩ ብዙ ክርክር ያስነሳው የማደሪያውና የምግቡ ድርሻ ነበር።

ታክስንም ይመልከቱ፤ «ክፍያው ታክስን አይጨምርም» የሚል ሐረግ ካለ አዲስ ታክስ በመጣ ቁጥር የሚያርፈው በእርስዎ ላይ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤቶች የትምህርትና የማደሪያ ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስትጥል፣ ከፊሉን ራሳቸው የተሸከሙ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ለወላጅ ያስተላለፉትም ብዙ ናቸው።

የመጨረሻው ፊርማ ነው። አባትና እናት ሲፈርሙ «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነን» የሚል ካለ፣ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ዕዳውን ከአንዳችሁ ብቻ መጠየቅ ይችላል። አሠሪ መሥሪያ ቤት ወይም ስፖንሰር ይከፍላል ተብሎ ቢስማሙም፣ እሱ ባይከፍል ዕዳው ተመልሶ የፈራሚው ነው።

ቁጥር ወዳጅ፦

ስለ 3 በመቶው ማንም አልመለሰም። ዓመቱ ሦስት ተርም ሆኖ ክፍያው በየአራት ወሩ ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ሲከፍሉ አንድ ሦስተኛውን በአራት ወር፣ ሌላውን አንድ ሦስተኛ በስምንት ወር አስቀድመው ሰጡ ማለት ነው። የዓመቱ ክፍያ 100 ቢሆን፣ 97 ዛሬ መክፈልና 33.3 ዛሬ ከፍሎ ቀሪውን በየጊዜው መክፈል ሲነጻጸሩ፣ ቅናሹ በዓመት ከ9 በመቶ በላይ የሆነ ወለድ ያስገኛል። ባንክዎ ከዚያ በታች የሚከፍል ከሆነ በአንድ ጊዜ መክፈሉ ያዋጣል።

ውል አንባቢ፦

@ቁጥር ወዳጅ ስሌቱ ልክ ነው፤ የጎደለው ልጁ መሀል ላይ ቢወጣ የሚለው ነው። አስቀድሞ የተከፈለው የማይመለስ ከሆነ 3 ለማትረፍ 64 አደጋ ላይ ጣሉ ማለት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት፣ ልጁ አዳሪነትን መልመዱ ሳይታወቅ፣ በየተርሙ መክፈል ይሻላል ባይ ነኝ።

ቁጥር ወዳጅ፦

በዚህ እስማማለሁ። በየወሩ የሚከፈል አማራጭ ከሰጧችሁ ደግሞ የአገልግሎት ጭማሪው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የዘገየ ክፍያ ቅጣትም «በወር 2 በመቶ» ተብሎ ሲጻፍ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት 24 ነው፣ በወለድ ላይ ወለድ የሚታሰብ ከሆነ 27 ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዕዳ ያለበት ልጅ ወደ ማደሪያው እንዳይመለስ ወይም ትራንስክሪፕቱ (የውጤት ማስረጃው) እንዲያዝ የሚፈቅድ አንቀጽም ይኖር ይሆናል።

የማደሪያ ሰው፦

ማደሪያውን በተመለከተ ሁለት ነገር። «አዳሪ» ማለት ሳምንቱን ሙሉ ነው ወይስ ከሰኞ እስከ ዓርብ? ማደሪያው በተርም አጋማሽ ዕረፍትና በየበዓሉ ይዘጋል? ከተዘጋ ልጁ የት ያድራል? ወላጅ ሩቅ ከሆነ አቅራቢያ የሚኖር ተጠሪ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተጠሪው በክፍያ የሚሠራ ከሆነ ያ ወጪ በትምህርት ቤቱ ዝርዝር ላይ አይታይም።

ሁለተኛው የጉዳት ክፍያ። ማን እንደሰበረ ካልታወቀ ብዙ ጊዜ በመኝታ ክፍሉ ላሉት ሁሉ እኩል ይካፈላል። በመግቢያው ቀን አልጋውን፣ ፍራሹን፣ የቁም ሣጥኑን መቆለፊያና የመስኮቱን መስታወት ፎቶ አንሥታችሁ፣ የርክክብ ቅጹ ላይ ያለውን ጉድለት አስጽፋችሁ ፈርሙ፤ አንድ ቅጂም ውሰዱ። ቁልፍ ሲጠፋ ደግሞ መቆለፊያው በሙሉ ሊቀየር ስለሚችል ከቁልፉ ዋጋ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። የኪስ ገንዘብ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ በኩል ከሆነ የሳምንት ጣሪያ ይወሰንለት፤ ያለበለዚያ ከሱቁ የተወሰደው ሁሉ በተርሙ ቢል ላይ ተደምሮ ይመጣል።

የሁለት ልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። አንድ ቀረኝ፦ አባታቸው ከውጭ አገር በባንክ ቢልክ የሚያሰጋ ነገር አለ?

ሒሳብ ክፍል፦

የተለመደው ችግር ገንዘቡ ጎድሎ መድረሱ ነው። መሀል ያሉት ባንኮች ክፍያቸውን ይቆርጣሉ፤ ጥቂት ቢጎድልም ሒሳቡ «አልተጠናቀቀም» ይባልና ቅጣት ሊቆጠር ይችላል። ሲልክ «የባንክ ክፍያውን በሙሉ ላኪው ይሸፍናል» የሚለውን ምርጫ ይውሰድ፣ የተማሪውን መለያ ቁጥር በማጣቀሻው ቦታ ይጻፍ፣ ከመጨረሻው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ይላክ። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ከደረሳችሁ ግን ትክክለኛ ቢመስልም አትላኩ፤ ማጭበርበሪያ ሊሆን ይችላል። ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ውሉ ላይ በተጻፈው ደውላችሁ አረጋግጡ።